አዲስ ወንበር በሰንሰለት አይገረፍም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንደምን ከረማችሁ?

እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን የሚገዛው ባለቤቴ ነው። እሱ ስፖርቱን ይዞ ጥግ ይቀመጣል፣ የቤት ገጹ ለእኔ ይደርሰኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚያ ገጽ ላይ አዲስ ዕቃን እንዴት አሮጌ ማስመሰል እንደሚቻል ጽፋችሁ ነበር። ቶናው እስኪቀርብ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ተናደድኩ።

አዲስ የእንጨት መደርደሪያ ግዙ ይላል። በሰንሰለት ግረፉት፣ በመዶሻ ሰርጉዱት፣ ቀለም ቀብታችሁ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። «በአነስተኛ ወጪ» የሚል ቃልም አለበት። የመደርደሪያው ዋጋ ደግሞ እዚያው ሥር 18 ሺህ ብር ተብሎ ተቀምጧል። ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ ሰፈር 18 ሺህ ብር አነስተኛ አይባልም። ያን ያህል አውጥቶ የገዛውን ዕቃ በሰንሰለት ሲገርፍ የተገኘ ሰው ካለ ጎረቤት ይሰበሰባል። ግማሹ ጠበል ይወሰድ ይላል፣ ግማሹ ዱዓ ይደረግለት።

አሮጌ የሚመስል ዕቃ አልወድም ማለቴ አይደለም። ቤቴ ብትገቡ ከሶፋው በቀር አዲስ የሚባል ነገር የለም። ቀለሙ ተላጦ የታችኛው ብቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ጠርዙ የተበላ መስኮት፣ የፈዘዘ መስታወት ደስ ይለኛል። ልጄ በስልኳ ፎቶ እያሳየችኝ «እማ፣ ይሄኮ ፋሽን ነው» ትለኛለች። ይሁንላት። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያረጀው ዕቃ በየጓሮው ዝናብ እየመታው፣ ለፍልጥ እየተሸጠ፣ አዲሱን የምናስረጀው ለምንድን ነው? የሰፈራችን አናጺ ይሄን ነገር ስነግረው ሳቀ። «አዲስ ሠርቼ አስረጅልኝ ካልሽኝ ሁለት ጊዜ ነው የማስከፍልሽ» አለኝ።

ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ አንድ የማውቀው ነገር አለ። ልብስ ዝም ብሎ አያልቅም። ኮት ክርኑ ላይ ይሳሳል። ሸሚዝ አንገትጌው ላይ ይበላል። ሱሪ ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ያልቃል። አንድ ሱሪ ሲመጣልኝ የኪሱን ጠርዝ አይቼ ባለቤቱ ቀኝ ይሁን ግራኝ፣ ተቀምጦ የሚውል ይሁን ቆሞ፣ ሳላየው ልነግራችሁ እችላለሁ። ዕቃም እንዲሁ ነው። ወንበር የሚያረጀው እጅ በሚደገፍበት ክንዱ ላይና እግር በሚያርፍበት አግዳሚው ላይ ነው። በር እጅ በሚገፋው ቁመት ላይ ቀለሙ ይለቃል፤ ከታች ደግሞ ጫማ ይበላዋል። ጠረጴዛ ክርን የሚያርፍበት ጠርዝ ይለሰልሳል። የጠረጴዛ እግር ውስጠኛ ጎን ግን ማን ይነካዋል? ዕድሜ ልኩን ቢቆም ቀለሙን እንደያዘ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን እኩል ፋቁት ስትሉ ሳቄ መጣ። እኩል የተፋቀ ዕቃ አሮጌ አይመስልም። የተፋቀ ነው የሚመስለው።

ይሄንን ጂንስ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። እናቶች የልጆቻቸውን ቀዳዳ ሱሪ ጣፊልኝ ብለው ያመጣሉ። በሳምንቱ ልጆቹ አዲስ ሱሪ ይዘው መጥተው «እትዬ፣ ጉልበቱ ላይ ይቅደዱልን» ይሉኛል። አንዴማ ልጁ ከፍሎ ያስቀደደውን ሱሪ እናቱ ከፍላ አስጣፈችው። እኔ ከሁለቱም ተቀብያለሁ፤ አልዋሽም።

ወደ አሮጌ ዕቃ የገባሁት ግን ለፋሽን አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ እንደ ሰዉ እኛም ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ነበር፣ ዕቃው አልነበረም። ማን እንደወሰደው አላውቅም። የተረፈኝ የሲንጀሬ እግር ነው፤ ብረቱ፣ ፔዳል ያለው። ጭንቅላቱ ሄዷል። እግሩ የተረፈው ከብዶ ይሆናል። በዚያ ሰሞን አዲስ ዕቃ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ የተረፋትን ጣውላ ላከችልኝ፤ ጣውላውን ሲንጀሩ እግር ላይ አሰርኩት፤ ጠረጴዛ ሆነ። እስከ ዛሬ ዳቦ የሚቆረሰው እሱ ላይ ነው። ፔዳሉን ሕፃናት ሲመጡ ይረግጡታል። ወሬ የሰለቸው እንግዳም ይረግጠዋል፤ እኔም በዚያ አውቄ ቡናውን አፈጥናለሁ።

ስለ አሮጌ ዕቃ ከተነሳ እኛ ከተማ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። በዚያ ዓመት ገበያው ያገለገለ ዕቃ ሞልቶት ነበር። ሰኞ ገበያ ላይ የእናቴን የሚመስል መሶብ አየሁ። ልቤ ዘለለች። አንስቼ ገለበጥኩት። የእናቴ መሶብ ሥሩ በቀይ ቆዳ የተለበጠ ነው። ይሄኛው አልነበረም። መልሼ አስቀመጥኩት። ሻጯ ምንም አላለችኝም፤ ዋጋም አልጠራችም። የገባት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ነው?» ብዬ አይደለም። «ከየት መጣ?» ነው። ሻጩ ከተንተባተበ የፈለገ ቢያምር ትቼው እሄዳለሁ። የቤት ገጽ ይሄንንም ቢጽፍ ጥሩ ነበር።

አሁን ምንጩ የታወቀ ዕቃ ከተፈለገ ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣ በርና መስኮት አለ። የድሮ የደሴ ቤት መስኮት ሁለት ክንፍ ያለው፣ ወፍራም የእንጨት ነው። አንዳንዱ ዋንዛ ነው፣ አንዳንዱ ጽድ። ጽድ መሆኑን ለማወቅ በጥፍሬ ጫር አድርጌ አሸተዋለሁ። ስንት ክረምት መቶት ውስጡ አሁንም ይሸታል። ባለቤቶቹ ለማገዶ ነው የሚያስቡት። አንዱን ክንፍ በ400 ብር ወስጄ መሀሉ ላይ መስታወት አስገባሁበት። መቀርቀሪያው የዛገ ነው፤ አልነካሁትም። እንግዳ ሁሉ መስታወቱን ሳይሆን መቀርቀሪያውን ነው የሚነካካው።

ካሉኝ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ግን ሁለት መሳቢያ ያላት ጠረጴዛ ናት። አንድ ቁራሌ ጋሪው ላይ ገልብጦ ጭኗት፣ እግሯ ወደ ሰማይ ሆኖ በደጄ ሲያልፍ አየሁት።

«የኔ ወንድም፣ ወዴት ነው?»

«ፍልጥ ሻጭ ጋ፣ እትዬ። እንጨት ናት።»

ከየት እንዳመጣት ጠየቅኩት። ከእኛ ከፍ ብሎ ካሉ አንድ አዛውንት ቤት ነው አለ። ሄጄ አረጋገጥኩ። «አንቱ፣ ጠረጴዛዋን ሸጣችኋት?» ብላቸው «ከእኔ ጋር አብራ አረጀች፤ ውሰጃት» አሉኝ። ቁራሌው 700 ብር ጠራ፣ በ500 ተስማማን፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

ላይዋ ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊው በተላጠበት አረንጓዴ ይታያል፣ ከአረንጓዴው ሥር ክሬም። በአንዱ ጥግ ሽንኩርት ሲከተፍባት ኖሯል፤ ቢላዋው ጭረት በጭረት አድርጓታል። የቀኙ መሳቢያ እጀታ ዙሪያ እንጨቱ እንደ አሮጌ ቀበቶ ወዝቷል። የግራው ምንም አልሆነም። አዛውንቱ በቀኝ እጃቸው ነበር የሚከፍቱት፤ በግራው ውስጥ የሚፈለግ ነገር አልነበረም ማለት ነው። እንግዲህ ይሄንን በሰንሰለት አምጡት።

እዚህ ላይ ጽሑፋችሁ ዝም ያለው ትልቅ ነገር አለ፤ ደብዳቤውን ለማውጣት ቦታ ቢጠባችሁ እንኳ ይሄን ክፍል አትቁረጡብኝ። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ የምንለው ብረት ነው። በደረቁ ሲፋቅ አቧራ ይሆናል። አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ ከወለል ሕፃን እጅ ላይ፣ ከእጅ አፍ ውስጥ። የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም መጥፎ ነው። አገራችን ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታለች። ደንቡ ግን ከእሱ በፊት የተቀባ ጠረጴዛ ቤት ድረስ አይመጣም። ሦስት ንብር ቀለም ያላት ጠረጴዛ መቼ መቼ እንደተቀባች ማን ያውቃል?

ስለዚህ እኔ በደረቁ አልፍቅም። ደጅ አወጣዋለሁ፣ ውሃ እረጨዋለሁ፣ ውሃ በሚችለው ጥቁሩ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ነው። ማስኩም የኮሮና ጊዜው ጨርቅ አይደለም፤ አቧራ የሚያስቀረው ወፍራሙ ነው። የወጣውን ጭቃ በአሮጌ ጨርቅ ጠርጌ፣ ከነጨርቁ በፌስታል አስሬ እጥላለሁ። ያን ቀን የልጅ ልጄ ጎረቤት ትውላለች። ከሁሉም የሚሻለው ግን አለመፋቅ ነው። የተላጠውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አንስቶ፣ የቀረውን እንዳለ ትቶ፣ ከላይ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ መቀባት። ቫርኒሹ የድሮውን ቀለም ይይዘዋል፣ ሦስቱም ቀለም እንደተላጠ ይታያል። ለጠረጴዛዬ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ሥራውም ያንሳል፣ ደግሞም ያምራል።

ትኋንም አለ። ስሙ ሲጠራ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው ይኖራል፤ ግን ይጠራ። መገጣጠሚያውንና የመሳቢያውን ሥር በባትሪ አያለሁ። ጥቁር ነጠብጣብ ካየሁ ዕቃው ደጅ ነው የሚያድረው። ባላይም የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ በየስንጥቁ አፈስበታለሁ። ደህና እንጨት ይችለዋል። ኮምፔርሳቶ ከሆነ ግን ተነፋፍቶ ይነሳል፤ አንድ ኮመዲኖ እንዲሁ አበላሽቻለሁ።

አንዳንዱ ዕቃ የግድ ቀለም ይፈልጋል። ለዚያ የእኔ ዘዴ ሻማ ነው። የታችኛውን ቀለም ቀብቼ አደርቀዋለሁ። ከዚያ እጅና እግር በሚነካው ቦታ ብቻ ሻማ አሽበታለሁ። ከላዩ ሌላ ቀለም እደርባለሁ። ሻማ የነካው ቦታ ላይ የላይኛው ቀለም አይይዝም፤ ሲደርቅ በካርድ ጠርዝ ጫር ቢያደርጉት ይለቃል። ፕላስቲክ ቀለሙ ውስጥ ጄሶ እጨምራለሁ። ለሦስት ሲኒ ቀለም አንድ ሲኒ ጄሶ፣ መጀመሪያ በውሃ ተበጥብጦ። ሳያብረቀርቅ እንደ ኖራ ደብዘዝ ይላል። ጄሶ ግን አይጠብቅም። የመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጣሳ በጥብጬ፣ አንድ ስኒ ልጠጣ ብዬ ገብቼ ስወጣ ብሩሹ መሀል ላይ ቆሞ ደርቋል። ጣሳው ከነብሩሹ አሁን በር ማስቆሚያዬ ነው።

አዲስ ጣውላ ከአሮጌ ጋር ሲገጠም ደግሞ መልካቸው አይስማማም። ጥቁር ሻይ አፍልቼ አዲሱን ሁለት ጊዜ እቀባዋለሁ። የዛጉ ሚስማሮች አቼቶ ውስጥ ሦስት አራት ቀን አቆያለሁ፤ ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ ጋዝ ስለሚያወጣ። ሻይው ከደረቀ በኋላ በዚያ አቼቶ ስወለውለው እንጨቱ ዓይኔ እያየ ይጠቁራል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒንና ብረቱ ተገናኝተው ነው። የልጅ ልጄ ይሄን ሥራ ከቴሌቪዥን አስበልጣ ታየዋለች።

አሁን ነሐሴ ነው። የጦሳ ተራራ ከሦስት ቀን ወዲህ ጉሙን አልገለጠም። ደሴ ላይ በዚህ ወቅት ቫርኒሽ የቀባ ሰው ትዕግሥት ይስጠው፤ ለሳምንት እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ጠዋት ጠዋትም ነጭ ደመና ይለብሳል። ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ከፍታዋም ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሙቀቱ ሌላ ነው። ፀሐይ ብልጭ ካለች እህቴ ግቢ ውስጥ በአንድ ቀን ይደርቃል። ስለዚህ አምና የቀባኋትን በርጩማ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ወረድኩ። ቀለሟ በደንብ አልደረቀም ነበር። ረዳቱ ገመዱን ሲያጠብቅ «ኧረ ቀስ፣ ቀለም ናት» ብለው «አብሽሪ እትዬ» አለኝ። የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ እስክንጨርስ ገመዱ ሲያሻት ኖሯል። ስናወርዳት አፏ ዙሪያና እግሯ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ እንጨቱ ወጥቶ ነበር። ልጮህ ነበር። እህቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «ይሄን እንዴት አሳመርሽው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ያን ገመድ ረዳቱን ልጠይቀው ይገባ ነበር፤ ከሰንሰለታችሁ በብዙ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ የምቀባው ሰም ነው። ጎረቤቴ ጠጅ ስትጥል ሰፈፉን ታስቀምጥልኛለች። ጣሳ ውስጥ አድርጌ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁሜ አቀልጠዋለሁ፤ ቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፣ ይያያዛል። አጣርቼ አራት እጥፍ የተልባ ዘይት እጨምርበታለሁ። ሲበርድ እንደ ቅባት ይረጋል። በጨርቅ ያሹታል፣ በማግስቱ ይወለውሉታል፣ ቤቱ ማር ማር ይሸታል። ጨርቁን ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩት። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሁሉም ዕቃ ግን ለዚህ አይሆንም። ምግብ የሚነካውን ገበቴ፣ ሙቀጫ፣ መሶብ ቀለምም ቫርኒሽም አላስነካውም። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ የአያቷን ሙቀጫ ነጭ ቀብተሽ አበባ ማስቀመጫ አድርጊልኝ አለችኝ። እምቢ አልኩ። ቡና ውቂበት አልኳት። ተቀይማኛለች፤ ቀሚሷንም ሌላ ቦታ አሰፍታዋለች።

አንድ ነገር ረስቼ። የጠረጴዛዬ የቀኙ መሳቢያ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ በዱቄት ሙጫ። ቢጫ ሆኗል። ግማሽ የጨረታ ማስታወቂያና የእግር ኳስ ውጤት ይነበብበታል። ባለቤቴ መቀስ ፍለጋ በከፈተው ቁጥር ቆሞ ያነበዋል። የግራው መሳቢያ ወለል ግን ባዶ ነበር። ባለፈው እሑድ ዱቄት በጥብጬ የእናንተን የቤት ገጽ ለጠፍኩበት፣ ሰንሰለቱ ያለበትን ወደ ላይ አድርጌ። ጀርባው ስፖርት መሆኑን አላየሁም። ባለቤቴ እስካሁን አኩርፏል።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊዋ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ